«ደህና ነኝ» ያለው ጠራዥ

ሚያዝያ ሃያ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብትል ባሏ ከወንበሩ ላይ የለም። የያዘችውን የተማሪ ቀሚስ ወርውራ፣ አንገትጌዋ ላይ የሰካችውን መርፌ እንኳ ሳትነቅል፣ ደረጃውን ወደ ታች ሮጠች። መንገዱን ግራና ቀኝ አየች፤ ዳቦ መሸጫው ውስጥ አንገቷን አስገባች፤ የለም። ከሕንጻው በር ላይ የሚቀመጠው ጫማ ጠጋኝ «በዚህ በኩል ማንም አልወጣም» ሲላት ነው ወደ ላይ መሄዱ የገባት። የእነሱ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባሏን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ ከእነሱ በላይ ባለው ቤት፣ በሰው ጠረጴዛ የሰው ወረቀት ሲደረድር አገኘችው።

የቤቱ ባለቤት ከገባች ወር ያልሞላት ወጣት ጠበቃ ነበረች። አልጮኸችም፤ ሰውም አልጠራችም። እጆቿን አጣጥፋ የሰውየውን እጅ ትመለከታለች። ወረቀቱን በሁለት መዳፉ ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ያዞረውና ደግሞ ኳ ያደርገዋል፤ ጠርዙ በስለት የተቆረጠ ይመስል ልክ ይመጣል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ!» አለች ሰፊዋ እያለከለከች። «በሩ ገርበብ ሲል ጊዜ ቤቱ መስሎት ነው። ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም፤ ትንሽ ደክሞት ነው።»

«ምንም አይደል እትዬ፤ አረፍ ይበሉ። ጋሼ ሥራቸው ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርዟል።»

«እጃቸው ያስታውቃል። ጭንቅላታቸውን የተመቱት መቼ ነው?»

ሰፊዋ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ወረቀቴ ነዋ! ሲያጎነብሱም ከሽበታቸው ሥር ጠባሳ አይቻለሁ።» ጠበቃዋ ከላይ ያለውን ክምር አነሳች። «ጠርዙን ይዩት፣ ውሃ አያስገባም። ገጹን ግን ይዩ፤ ሦስት ከሃያ በኋላ መጥቷል። የኪራይ ክርክሬም ኑዛዜ ውስጥ ገብቷል። በዚህ አያያዝ ሟቹ የቤት ኪራይ መጠየቃቸው ነው።»

ሰፊዋ ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር! ሳቁ ግን መሀል ላይ መንገዱን ስቶ እንባ ሆነ፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠራዡ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የወጣው አደጋ ከደረሰበት ሁለት ዓመት ሊሞላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀር ነበር። በሚሠራበት ማተሚያ ቤት መጋዘን የወረቀት እስር ወደ ላይ የሚስበው ሰንሰለት ተበጥሶ፣ እስሩ ከታች የቆመው ጠራዥ ጭንቅላት ላይ ወደቀ። አሥራ አንድ ቀን ራሱን ሳያውቅ ከረመ። ከዚያ ነቃ፤ ቁስሉ ጠገገ፤ ጠባሳውንም ሽበቱ ሸፈነው። የጎበኘው ሁሉ «ተመስገን፣ ዳነ!» እያለ ወጣ። መጀመሪያ በየቀኑ መጡ፤ ቆይቶ በየሳምንቱ፤ ኋላ ጨርሰው ቀሩ። የዳነን ሰው ማን ይጠይቃል?

ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ ውሃ ያቀብላል። ሳይሞት ለሄደ ሰው ግን ማንም አይሰበሰብም። ሰፊዋ የሠላሳ ዓመት ባሏን ከጎኗ አስቀምጣ ባሏን ትናፍቅ ነበር። የሥራ ወሬውን፣ ሙጫ ሙጫ የሚለውን ቀልዱን፣ «ክሬ፣ አንቺ ባትኖሪ ቅጠሌ ይበተን ነበር» የሚለውን ቁልምጫ። አሁንም «ክሬ» ይላታል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራት የት እንዳለ ሲጠፋው ነው።

ጠበቃዋ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «ካሣ ጠይቀዋል?» አለች።

«የምን ካሣ?»

«ማተሚያ ቤቱን።»

«አባባን ክሰሺ ነው የምትዪኝ?» አባባ የሚባሉት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። «እኚህ ሰው እኮ የሆስፒታሉን ችለዋል። ስድስት ወር ሙሉ ደሞዙን ልከዋል። እኔን ለእሱ ሊለምኑ ሽማግሌ ሆነው ቤታችን የመጡት እሳቸው ናቸው። በስተርጅና የበላሁበትን ወጪት ልስበር?»

«ሰንሰለቱ ማርጀቱን ያውቁ ነበር?»

ሰፊዋ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የጨርቅ ሜትር ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ሦስት ጊዜ ነግሯቸዋል። ‹ይህቺን ሥራ እንጨርስና› ብለዋል አሉ።»

«እንግዲያው ደግነታቸውም እውነት ነው፤ ጥፋታቸውም እውነት ነው። ደግነቱ ጥፋቱን አይሰርዘውም። ደግሞም ድርጅቱ ኢንሹራንስ አለው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው የሚገባው። እስቲ ልጠይቅዎት፤ ደሞዙ በስድስተኛው ወር ሲቆም ‹ለምን?› ብለው ማንን ጠየቁ?»

«ማንን እጠይቃለሁ? በገዛ ፈቃዳቸው ሲሰጡኝ ቆይተው...»

«አዩ፣ ስጦታ ሲቀር አይጠየቅም። መብት ግን ይጠየቃል። ልዩነቱ እሱ ነው።»

«ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም ልጄ?»

«ዝም አይነቅዝም ይሆናል፤ ቤት ግን ያስነቅዛል። በቀን ስንት ቀሚስ ይሰፋሉ?»

«አራት፣ ቢበዛ።»

«ድሮስ?»

«ሰባት።»

«ሦስቱን ማን ወሰዳቸው?»

«እሱን ስጠብቅ፣ ሳበላው፣ ስፈልገው ነዋ! ሌላ ማን ይወስደዋል!»

 ሰፊዋ ትከሻዋን ሰብቃ ተነሳች።

«አንቺ የተማርሽውን ትናገሪያለሽ፤ እኔ የያዝኩትን አውቃለሁ። ዳኛ ፊት ቆሜ፣ እሱ እየሰማ፣ ‹ባሌ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶታል፣ መጸዳጃ ቤቱ ጠፍቶታል፣ ትናንት ተናዶ በጫማ መታኝ› ልበል? የቀረው ክብሩ ብቻ ነው። ሚስት ገመና ትሸፍናለች እንጂ አደባባይ አውጥታ ትቸረችራለች?»

ለዚህ ጠበቃዋ ሕግ አልጠቀሰችላትም። ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሕጉን ስላወቀ የሰውን ኀፍረት ያወቀ ይመስለዋል። እሷ የጠራዡን ክንድ ይዛ ደረጃውን አብራቸው ወረደች። ቤታቸው ስትደርስ፣ «የሐኪም ወረቀት ካለ ላንብበው፤ ካነበብኩ በኋላ ‹ተይው› ካሉኝ እተወዋለሁ» አለች።

ሰፊዋ ከቀሚስ ንድፎቿ መካከል አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ካደጋው በስምንተኛው ወር ማተሚያ ቤቱ ወደ ላካቸው ሐኪም ሄደው ያገኙት ነው። ጠበቃዋ ጮክ ብላ አነበበች፦ «በሽተኛው ስሙን፣ ቀኑንና ሙያውን በትክክል ተናግሯል። ስለ ጤንነቱ ሲጠየቅ ደህና መሆኑን ራሱ ገልጿል። ቀሪ ጉዳት አልታየበትም።»

«እትዬ፣ ይኼ እንዴት ሊሆን ቻለ?»

ሰፊዋ ፊቷ በራ። «እኔ ነኛ ያስጠናሁት! ሳምንት ሙሉ ነው የደከምኩት። ‹ስምህ ማን ነው? ዛሬ ምን ቀን ነው? ሥራህ ምንድን ነው? እንዴት ነህ?› እያልኩ ጠዋት ማታ። ሸሚዙን ተኩሼ፣ ጢሙን ላጭቼ ወሰድኩት። አንዲት አልሳተም! ‹እንዴት ነህ?› ሲለው ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን› አለው። ሐኪሙ እንኳ ጨበጠው።»

«አስጠንተው ፈተና አሳለፏቸው!»

«ይውደቅልኝ እንዴ ታዲያ?»

«አዎ! ይኼንን መውደቅ ነበረባቸው እትዬ! ሐኪሙ የመረመረው ጋሼን አይደለም፤ እርስዎን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? የእግር ስብራት ቢሆን ማንም ያየዋል። ይኼ ግን ሰው ካልተናገረለት የሚያየው የለም። ሊናገሩለት የሚችሉት ደግሞ በዓለም ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እርስዎም ዘጉት።»

ቃሉ ጠንከር ብሎ ስለወጣ ጠበቃዋ ራሷ ደነገጠች። ሰፊዋ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ጠራዥ ተናገረ።

«ደህና አይደለሁም።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ ወደ ውጭ እያየ። «ሰላም ይሉኛል እንጂ አይጠይቁኝም። አንቺ ደህና በል ስላልሽኝ ነው የምለው፤ እንዳትከፊ። እዚህ ውስጥ» ግንባሩን ነካ፣ «አንድ ቅጠል ጎድሎ ሁሉም ተናግቷል። ብቻዬን ነኝ፣ ክሬ።»

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቀ። የተናገረውን አላስታወሰም።

ሰፊዋ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሳችውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቸኝነት የእሷ ብቻ መስሏት ነበር። እሱን ከኀፍረት ልታድነው በሩን ስትዘጋ፣ ለካ ውስጥ የቆለፈችው እሱኑ ነው። ክብሩን ጠበቅሁ ስትል ድምፁን ወስዳበታለች። እንባዋን ጠርጋ መኪናዋ ላይ የቀረውን ቀሚስ አጣጠፈችና፣ «ምን ላድርግ? ንገሪኝ» አለች።

ጠበቃዋ ፈጥና ነገረቻት፤ ሕጉ ክስ ለማቅረብ የሰጠው ሁለት ዓመት ሊያልቅ ነውና። በየቀኑ ያቃተውን ሁሉ ቀኑን እየጠቀሰች በደብተር እንድትጽፍ፣ ያላየችውን እንዳትጨምር፣ ያየችውንም እንዳታሳንስ መከረቻት። ሰንሰለቱን የሚያውቀው ፎርማን እንዲመሰክር መለመን የሰፊዋ ሥራ ሆነ። ፎርማኑ በመጀመሪያ ቀን እንቢ አለ፤ በሁለተኛው «ልጆች አሉኝ» አለ፤ በሦስተኛው ቀን ጠራዡን ይዛው ሄደች፤ ጠራዡ የሃያ ዓመት ባልንጀራውን «ታዲያስ፣ እርስዎ አዲስ ተቀጣሪ ነዎት?» አለው። ፎርማኑ ፊቱን አዙሮ «እመሰክራለሁ» አለ።

አቤቱታው የገባው አምስት ቀን ሲቀር ነው። መጥሪያው የደረሳቸው አባባ «ጡት ነካሽ» ብለው ላኩባት። ሁለት የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ሚስቶችም መንገድ ላይ ሲያገኟት ወደ ማዶ መሻገር ጀመሩ። ሰፊዋ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች፤ በማግስቱ ግን ደብተሯን ጻፈች። ለውጥ ለጀመረ ሰው የመጀመሪያው ደሞዝ እንዲህ ያለ ብቸኝነት ነው፤ የለም ብሎ የሚመክር መካሪ ያታልላል።

ፍርድ ቤቱ ጠራዡን ወደ ሐኪሞች ቦርድ ላከው። በር ላይ ጠበቃዋ የሰፊዋን እጅ ይዛ፣ «እሳቸው ሲጠየቁ እርስዎ አይመልሱ። ከንፈርዎም እንዳይንቀሳቀስ» አለቻት።

ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። ትልቅየው «እንዴት ነዎት?» አለ፤ ጠራዡም እንደተማረው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰ። ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ሐኪሙ ግን የጠበቃዋን ማመልከቻና ደብተሩን አንብቦ ነበርና አላለፈውም። «መጽሐፍ እንዴት እንደሚጠረዝ ያስተምሩኝ» አለው።

ጠራዡ ቀና አለ። «ጥሩ! በመጀመሪያ ይታጠፋል። እጥፉ በማለስለሻ አጥንት ይዳመጣል። ከዚያ ይሰበሰባል፣ ይቆጠራል። ከዚያ...» ቆመ። «በመጀመሪያ ይታጠፋል። እጥፉ በማለስለሻ አጥንት ይዳመጣል...» አራት ጊዜ ጀመረው። አራት ጊዜ ያው ቦታ ደርሶ ቆመ። መስፋቱ ነበር የጠፋበት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋው ሰው! በአምስተኛው ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ክሬ፣ ንገሪኝ እንጂ» አለ።

ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። አልተናገረችም። ጥርሷን ነክሳ ወለሉን አየች። በሕይወቷ ከሠራችው ሥራ ሁሉ የከበዳት ያ ዝምታ እንደነበር ኋላ ትናገራለች። ሐኪሙ ብዕሩን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ጻፈ።

ውሳኔው በአሥራ አራት ወር ወጣ። ጉዳቱ ቋሚ ነው ተባለ፤ ማተሚያ ቤቱና ኢንሹራንሱ ለሕክምናው፣ ለቀረበት ደሞዝና ለአስታማሚ እንዲከፍሉ ተፈረደ። ክፍያው በየወሩ ይገባ ጀመር። ሰፊዋ ከቀትር በፊት ባሏን የሚይዝላት አንድ ጨዋ አስታማሚ ቀጠረች፤ ጠራዡም ንግግርና አሳብ ወደሚያለማምዱ ባለሙያ በሳምንት ሁለቴ መሄድ ጀመረ። አልዳነም። ነገር ግን ቤቱን ከሰው ቤት ለየ፤ ሲናደድም እጁን ኪሱ ውስጥ ይከት ጀመር። መጋዘኑ ውስጥ አዲስ ሰንሰለት ገባ፤ ጭነት ሲነሣም ከሥሩ ሰው እንዳይቆም ወለሉ ላይ ቀይ መሥመር ተሠመረ። ያ መሥመር የስንቱን ሰው ጭንቅላት እንዳተረፈ የሚያውቅ የለም፤ የተረፈ አይቆጠርምና።

ወደ ማዶ ይሻገሩ ከነበሩት ሴቶች አንዷም አንድ ቀን ደረጃውን ወጥታ መጣች። ባሏ ከመሰላል ወድቆ ነበር። «ደህና ነው፤ ትንሽ ብቻ ይረሳል» አለች። ሰፊዋ ወንበር አቀረበችላትና፣ «እህቴ፣ ሰላምታውን ተዪውና ንገሪኝ፤ ምን ምን ይረሳል?» ብላ ንጹሕ ደብተር ሰጠቻት። ጉዳትን በቀኑ መናገር ውርደት እንዳልሆነ፣ ሐኪም ፊት በሽተኛን ማሳመር በእርሱ ላይ መመስከር እንደሆነ፣ ሕግም የሚረዳው በጊዜ የጠየቀውን እንደሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመጣ ሁሉ ትነግር ነበር።

ጠራዡ ከውሳኔው በኋላ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ኖሮ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት አረፈ። አባባ ለቀብር መጥተው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሙ፤ አፈሩ ሲያልቅም ሰፊዋን ሳያነጋግሩ ሄዱ።