የወይዘሮ ኬዚያ የሐር ሻሽ

ወይዘሮ ኬዚያ ታልኮት ከአባታቸው ከጫማ ሰፊው ከአቶ ጆብና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታቢታ በእንግሊዝ አገር ተወልደው፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የመርከብ ዋጋቸውን በሰባት ዓመት አገልግሎት ሊከፍሉ ተዋውለው ወደዚህ ወደ ማሳቹሴትስ ተሻገሩ። ውሉ እንደ ደንቡ በአንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተጽፎ፣ መሐሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆርጦ፣ ግማሹ ለጌታቸው ለአቶ ሄልተን፣ ግማሹ ለእርሳቸው ደረሰ። ማንበብ አልተማሩምና አጣጥፈው ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

በሄልተን ቤት ወተት ሲንጡና ክር ሲፈትሉ ሰባቱን ዓመት ፈጽመው ነፃ በወጡ በወሩ፣ በርሜል ሠሪውን ወንድሜን ኤበንን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ሲስቁ የጎረቤት ዶሮ ይበረግግ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ነገር የተበላሸው፣ አቶ ሄልተን ከሞቱ በኋላ፣ ወይዘሮ ኬዚያ አንድ እሑድ ጥቁር የሐር ሻሽ አስረው ጸሎት ቤት የገቡ ዕለት ነው። በሕጋችን ሐር የባለርስት ሚስት እንጂ የበርሜል ሠሪ ሚስት አታስረውምና ዳኛ ፊት ቀረቡ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ሲያሰናብቱኝ ጌታዬ ሰጡኝ።»

ዳኛው ወደ ሟቹ ሚስት ዞሩ። «እኔ የማውቀው የለም» አሉ እመቤት ሄልተን፣ ጓንታቸውን እያስተካከሉ። ዳኛውም ስርቆቱ አልተረጋገጠም ብለው፣ ሻሹን ዳግም እንዳያስሩ አዝዘው አሰናበቷቸው።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የወይዘሮ ኬዚያ መቀመጫ በር አጠገብ ወዳለው አግዳሚ ተገፋ፤ ማንኪያ የጠፋው ሁሉ ዓይኑን ወደ እርሳቸው ጣለ። «ሳጥንሽን ቆልፊ፣ ባለሐሯ መጣች» ያላችሁ እዚሁ ተቀምጣችኋል፤ አውቃችኋለሁ።

በዚህ ክረምት የሳንባ ምች ይዟቸው ማክሰኞ ዐረፉ። የመገነዣ ጨርቅ ስፈልግ ሳጥናቸው ውስጥ ያንን የውል ወረቀት አገኘሁት። ፊደል የማውቀው በጭላንጭል ነውና ጀርባውን በጣቴ እየተከተልሁ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፦ «አገልግሎቷን በታማኝነት ፈጽማለች። ለስንብቷ የሚገባት ቀሚስ ስላልተገኘ፣ በምትኩ የባለቤቴን ጥቁር የሐር ሻሽ ሰጥተናታል።» ከሥሩ ያሰናበቷቸው ዕለት ባልና ሚስቱ ሄልተን ፈርመዋል። ምስኪኗ፣ ውል ብቻ መስሏቸው፣ ለዳኛ እንኳ ሳያሳዩት ኖሩ።

ባለቤታቸውን አቶ ኤበንን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ሻሹን አስረንላቸዋል፤ ከልካይ ካለ አሁን ይምጣ። ሌላው ግማሽ ወረቀት በማን ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ጥርሱ ከጥርሱ ይገጥማል። ከፊት አግዳሚ ጓንታቸውን የሚያስተካክሉትንም እዩልኝ።

የሰው ዳኛ ያላነበበውን የሚያነብ አምላክ ነፍሳቸውን ከፊተኛው ወንበር ያስቀምጥልን። አሜን።