ማማው ላይ የወጣችው የከዋክብት ተመራማሪ

ከጀውሃ ወጣ እንዳልን አብራኝ የምትጓዘው የከዋክብት ተመራማሪ ሰላም ስልኳን አይታ "መኪናውን አቁም!" አለችኝ። ሳተላይት በሩቅ ሰማይ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ማየቷን የሚገልጽ መልእክት ደርሷታል። ፍንዳታው በሰከንዶች ያልቃል፤ ከኋላው የሚቀረው ፍካት ግን በኤክስሬይ፣ በሚታይ ብርሃን፣ ቆይቶም በሬዲዮ ሞገድ ይገኛል። ሰላም ፀሐይ ሳትጠልቅ አቅጣጫውን ሲመሽ ሰማዩን ለሚያዩት የቴሌስኮፕ ሰዎች ካልላከች የሚታየው ብርሃን ደብዝዞ ያመልጣታል። ኔትወርኩ ደግሞ ወዲያው ጠፋ።

መንገድ ዳር ማሽላቸውን ከወፍ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት፣ ጋሼ ሁሴን፣ ከማማቸው ላይ ሆነው "ኔትወርክ ያለው እዚህ ነው፤ ማማው ግን ሁለት ሰው አይችልም" አሉን። ሰዓቱ ወፍ የሚወርድበት ነበር። ቢሆንም ወርደው ለእሷ ለቀቁላት፤ ወንጭፉን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው ወደ ማዶው ዳር ሄዱ። የወረወርኩት ድንጋይ ሁሉ ከወፎቹ ርቆ አረፈ።

"ጩህ እንጂ! ዜና የምታነብላቸው መስሏቸው ቁጭ ብለው እየሰሙህ ነው!" አሉኝ ከማዶ፣ የሬዲዮ ዜና አንባቢ መሆኔን በድምፄ የለዩት ጋሼ ሁሴን።

ጮህኩ። በሥራ ዘመኔ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ሰላምም ከላይ "ሄደልኝ!" አለች።

በማግስቱ ደውላ ፍካቱ በሚታይ ብርሃን መገኘቱን ነገረችኝ። እኔም ለጋሼ ሁሴን ደወልኩና ብርሃኑ መንገድ የጀመረው ምድር ሳትፈጠር መሆኑን ነገርኳቸው። በእኔ በኩል ለተበላው ማሽላም ይቅርታ ጠየቅኩ።

"ተው ልጄ፣ ወላሂ፣" አሉኝ፣ "ያን ያህል መንገድ ተጉዞ ለመጣ እንግዳ ይህቺ ማሽላ ምን አላት?"