ሱሪው የማይቆረጠው ለምንድነው?

(ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ፣ የቴሌቪዥን ድራማ የሚቀረጽበት ግቢ። በጠባቧ የልብስ ክፍል ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ትርሲትና ኦቲስቲክ ወጣት ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ሱራፌል አንድ ሱሪ ይጓተታሉ።)

ሱራፌል፦ ቁረጪው አልኩሽ! እስከዚህ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ!

ትርሲት፦ አልቆርጥም።

ሱራፌል፦ ትርሲትዬ፣ ቀረጻ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። ዳይሬክተሩ ጋሽ ፍስሐ ራሱ ነው ያዘዘው። ሱሪው አጭር፣ የሸሚዙ ቁልፍ የተዛነፈ፣ ቀበቶው ገመድ።

ትርሲት፦ የልጁ እናት ቡቲክ አላት ይላል እኮ ስክሪፕቱ። ቀበቶ አጣችለት?

ሱራፌል፦ ኦቲስቲክ ነዋ!

ትርሲት፦ ለኦቲስቲክ ቀበቶ አይሸጥም?

ሱራፌል፦ ታዲያ ተመልካቹ በምን ይወቀው?

ትርሲት፦ ሲያወራ ያውቀዋላ።

ሱራፌል፦ አያወራም። አስራ ሁለት ክፍል ሙሉ አንድ ቃል የለኝም።

ትርሲት፦ የማያወሩ አሉ፣ እሺ። የጎረቤታችን ልጅ አያወራም፣ ግን ስልኩ ላይ ስዕል እየነካ እናቱን ቀኑን ሙሉ ሲያዛት ነው የሚውለው። ያንተው ምን ይፈልጋል?

ሱራፌል፦ ምንም። ግድግዳ ያያል። ይወዛወዛል። ዛሬ ምስር ሲደፋ ደግሞ አንዴ አይቶ ስንት ፍሬ እንደሆነ በጠመኔ ይጽፋል።

ትርሲት፦ ስንት ነው?

ሱራፌል፦ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት።

ትርሲት፦ ማን ቆጠረው?

ሱራፌል፦ ማንም! ደራሲው ዝም ብሎ ነው የጻፈው። አትሳቂ! ሶስት ሳምንት ሙሉ አጥንቻለሁ፣ አስራ አንድ ፊልም አይቻለሁ። አሁን ኦቲስቲክ ሰው ከሩቅ ነው የምለየው።

ትርሲት፦ ቅርብ ሲሆንስ?

ሱራፌል፦ ቅርብማ ወዲያው ነዋ! ምን ያንከተክትሻል? ደግሞ እዩዋት! የሸሚዙን አንገት ላይ ጽሑፍ ያለባትን ጨርቅ ቆርጠሻታል።

ትርሲት፦ ስለምትቆጠቁጥ ነው። እዚህ ያለውን ልብስ ሁሉ ቆርጬለታለሁ። የፖሊሶቹንም።

ሱራፌል፦ ማንን ነው የምትቆጠቁጠው?

ትርሲት፦ እኔን። ሬዲዮ ዝጉልኝ ብዬ የምለምነውስ? ሳወራህ አይንህን ትቼ አንገትህን የማየውስ?

ሱራፌል፦ አንገቴን የምትለኪ መስሎኝ!

ትርሲት፦ ሶስት ሳምንት ሙሉ?

ሱራፌል፦ ቆይ... አንቺ?!

ትርሲት፦ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው ሐኪም የነገረኝ። ከሩቅ ብሆን ኖሮ ትለየኝ ነበር።

ሱራፌል፦ ኧረ በናትሽ! እሺ፣ እዚህ ጣሳ ውስጥ ስንት መርፌ አለ?

ትርሲት፦ ምን አውቄ? ቁጠረው።

ሱራፌል፦ በግምት እንኳን?

ትርሲት፦ ወገብህን ሶስቴ ለክቼ ሶስቴም ተሳስቻለሁ። ሱሪው ለምን እንደሚወልቅብህ አሁን ገባህ?

ሱራፌል፦ እኔ'ኮ የከሳሁ መስሎኝ ሰኞ ሁለት ምሳ በልቻለሁ!

ትርሲት፦ አምና እንዳንተው ቁጥር የሚያውቅ ልጅ አንድ ድራማ ላይ መጣ። በነጋታው ስለኔ የምታውቀው የሰፈራችን እትዬ በላይነሽ አምስት ሎተሪ ይዛ ከች። «የቱ ይወጣል?» አለችኝ።

ሱራፌል፦ ነገርሻት?

ትርሲት፦ አንዱን አሳየኋት። አልወጣም። እስከዛሬ እንዳኮረፈችኝ ነው።

ሱራፌል፦ ሆሆ! ሆዴን! በቃ!

ትርሲት፦ እሱስ ያስቃል። ይሄኛው ግን አያስቅም። ከሶስት ሳምንት በኋላ እህቴ ልታገባ ነው፣ ሚዜዋ ነኝ። እናቴ ለሙሽራው እናት ስለኔ ስትነግራት «ድንኳን ውስጥ ትጮሃለች እንዴ?» አለች። ኧረ በፍጹም ብለን ስንት ተማምለን ነው ሚዜነቴን እሺ ያለችው። ሴትየዋ ደግሞ የጋሽ ፍስሐ ድራማ አንድም ክፍል አያመልጣት። አንተ በክፍል አራት፣ ልክ ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት...

ሱራፌል፦ ድንኳን ውስጥ እጮሃለሁ።

ትርሲት፦ ሙሽራዋንም ትገፋታለህ።

ሱራፌል፦ ...ኬኩ ላይ።

ትርሲት፦ ኬኩ ላይ! የሚዜ ቀሚሴን አራቴ ፈትቼ ነው የሰፋሁት፣ ሱራፌል። ሳጥን ውስጥ ሊቀርብኝ ነው።

ሱራፌል፦ ለጋሽ ፍስሐ ንገሪዋ!

ትርሲት፦ እሱ ኦቲስቲክ ሰው የሚያውቀው በድራማው ልጅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መቀስ የሚያስነካኝ ይመስልሃል?

ሱራፌል፦ እኔስ ብናገር ቢያባርረኝ? ስድስት ዓመት ሙሉ ሬሳ ሆኜ ነው የሠራሁት። ከነሕይወቴ የገባሁበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው!

ትርሲት፦ እና ከሬሳው በምን ተለየህ?

ሱራፌል፦ ...እወዛወዛለሁ።

ትርሲት፦ ጎሽ፣ እድገት ነው።

ሱራፌል፦ አሽሟጣጭ! እሺ፣ አንቺ ድንኳን ውስጥ ምንድነው የምታደርጊው?

ትርሲት፦ ስፒከሩ ሲበዛብኝ ወጥ ሰሪዎቹ ጋ ሄጄ እቆማለሁ። እነሱ ሙሽሮቹን ያማሉ፣ እኔ ቅልጥም እግጣለሁ። ሙዚቃው ቀነስ ሲል ተመልሼ እጨፍራለሁ።

ሱራፌል፦ ይሄው ነው?

ትርሲት፦ ጭፈራዬ ትንሽ ያስፈራል።

ሱራፌል፦ ይሄ'ኮ ያስቃል! ይሄ'ኮ ቃል አለው! ቅልጥምም አለው! ጋሽ ፍስሐ! ጋሽዬ! አምስት ደቂቃ ስጠኝ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ!

ትርሲት፦ አንተ! ምን ልትለው ነው?

ሱራፌል፦ አትፍሪ፣ ስምሽ አይነሳም። ዛሬ ምስሩ ሲደፋና ሁሉም ወደኔ ሲዞር «ምን አውቄ? ቁጠሩት» እላለሁ። ካሜራማኑ ከሳቀ ክፍል አራትንም እናስለውጠዋለን።

ትርሲት፦ ካልሳቀስ?

ሱራፌል፦ ወደ ሬሳነቴ እመለሳለሁ። በይ፣ መቀሱን አስቀምጪና መርፌ አንሺ። ወገቡን አጥብቢልኝ፣ ሳወራ እንዳይወልቅብኝ።