እስከ ዘጠነኛው ዘፈን

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ ከመጀመሪያው» እያለ የሚጠራቸው የካሴት ቤቱ ባለቤት፣ ከአናጺ አባታቸውና ዳቦ ጋግረው ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው፣ ከሰባት ልጆች አምስተኛ ሆነው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በትጋት ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው ከጣሪያ ወድቀው አልጋ ስለያዙ፣ ደብተራቸውን አስቀምጠው የሬዲዮ ጥገና ሙያ ተማሩ።

ከዚያም በልብስ ሰፊና በፀጉር አስተካካይ መካከል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ተከራይተው ካሴት መሸጥና መቅዳት ጀመሩ። ዘፈን ሁሉ ይወዱ ነበር፤ ልባቸው የሚቀልጠው ግን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ በሚተርክ ካሴት ነበር። እነዚህን በተለየ መደርደሪያ፣ አቧራ እንዳይነካቸው በጨርቅ ሸፍነው ያኖሯቸው ነበር። ከዚያ መደርደሪያ አንዲት ዘፈን ብቻ እንዲቀዱለት የጠየቀ ወየውለት! «አንተ ልጅ፣ ከመጽሐፍ መሃል አንድ ገጽ ገንጥለህ ትሄዳለህ? ከመጀመሪያው ስማ!» ብለው ባዶ እጁን ስለሚሰዱት፣ ቅጽል ስሙ ከዚያው ወጣላቸው፤ እሳቸውም ቅር ሳይላቸው አቤት ይሉበት ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኟቸው በግድግዳ በኩል ነው። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት፣ አንድ መልእክተኛ ደብዳቤ ይዞ የሄደውን ረጅም መንገድ የሚተርክ ባለ ዘጠኝ ዘፈን ካሴት ነበራቸው። አንድ ቀን ደንበኛ መጥቶባቸው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቢያጠፉት፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን በመቀስ እጀታ ደብድበው «ኧረ ምን ነካህ ሰውዬ! ወንዙን ሳይሻገር?» ብለው ጮኹ። በዓመቱ ተጋቡ፤ አምስት ልጆችም አፈሩ።

ጋሼ አንዲት የማትሻር ሕግ ነበረቻቸው፤ መሃል ላይ የተቋረጠ ካሴት ካቆመበት አይቀጥልም፣ ወደ መጀመሪያው ይጠነጠናል እንጂ። ባለቤታቸውም ያለ እሳቸው ላይሰሙት ቃል ገብተው ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን በተቀመጡ ቁጥር ግን ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ ደንበኛ ያንኳኳል፣ ወይ ከልጆቹ አንዱ ከአልጋ ይወድቃል። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ጊዜ ብቻ ስምንተኛው ዘፈን ላይ ደርሰው ነበር፤ ያን ዕለት ደግሞ ታናሽ ልጃቸው አፍንጫዋ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ ከትታ ሐኪም ቤት አስሮጠቻቸው።

ባለቤታቸው ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ፣ እጃቸውን ይዘው «በሞቴ፣ መልእክተኛው ምን ሆነ? መጨረሻውን ንገረኝና ይውጣልኝ» ቢሏቸው፣ ጋሼ ሳቅ ብለው «ስትድኚ ከመጀመሪያው እንሰማዋለን» አሉ። አልዳኑም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በምሳ ሰዓት የሱቁን በር ገርበብ አድርገው፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ግድግዳውን እያዩ ያንኑ ካሴት ይሰሙ ነበር፤ ስምንተኛው ዘፈን ሲያልቅም ያቆሙታል። ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ስፌት መኪናው ከተሸጠ ቆይቷል። ስለዚህ ነገር ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ አንዲት ዘፈን ብቻ የሚለምናቸውን ሰው መቆጣት ግን ተዉ። ዝም ብለው ይቀዱለት ነበር።

በመጨረሻም ሳንባቸውን ታመው ስድስት ወር ተኙ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሕፃኗን ታቅፋ የምታስታምማቸውን ታናሽ ልጃቸውን ቴፑን እንድታቀርብላቸው አዘዟት። እንደ ልማዳቸው ወደ መጀመሪያው ልታጠነጥን ስትል እጇን ይዘው፣ ዘጠነኛውን ብቻ እንድታሰማቸው ጠየቋት። የተሳሳቱ መስሏት ደግማ ጠየቀቻቸው፤ አልተሳሳቱም። ዘፈኑ መሃል ሲደርስ ሕፃኗ አለቀሰች፤ ልጃቸው ልታቆመው ብትነሳ «ተይው፣ ይቀጥል» አሉ። ሲያልቅ ዐይናቸውን ገልጠው «እንዳልረሳው ነው፤ ትጠይቀኛለች» አሏት። ሐሙስ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከእንግዲህ ማንም ሳይሰማው እንዳይሄድ፣ መጨረሻው እዚህ ተጽፏል። መልእክተኛው ይደርሳል። ደብዳቤው ግን በዝናብ ርሶ ጽሑፉ ጠፍቷል። ደብዳቤው የተላከላት ሴትም በሩን ከፍታ፣ ወረቀቱን እንኳ ሳታይ ወንበር ትስብለትና፣ በመንገድ ያየውን ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲነግራት ትለምነዋለች።

ጋሼ አምስት ልጆች፣ አሥራ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታላቅ እህትና በጨርቅ የተሸፈነ አንድ መደርደሪያ ትተውልን ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ቀድመዋቸው የሄዱት ባለቤታቸውም ወንበር ስበው ይቀበሏቸው።