ቀዩ ማኅተም የጠፋበት ፋይል

(ሁለት ክሊኒኮች ተዋህደው ባንድ ስም ሊከፈቱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከምሳ በኋላ፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ናሁሠናይ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል፤ ከካርድ ክፍል ተነሥታ ፕሮግራመር የሆነችው አስካለ አጠገቡ ቆማለች።)

አስካለ፦ አቁመው ነው ያልኩህ። አርባ ሺህ ፋይል ላይ ኮድህን ከመልቀቅህ በፊት አቁመው።

ናሁሠናይ፦ እትዬ አስካለ፣ ይሄ ካርድ ክፍል አይደለም። እዚህ አቧራ አራግፎ መደርደር የለም።

አስካለ፦ ካርድ ክፍል አንድ ወር ሠርተህ ቢሆን ይሄን አትጽፍም ነበር።

ናሁሠናይ፦ አሥራ አንድ መስመር ነው። ከሁለቱም ክሊኒክ የአንድ ታካሚ ፋይል ይመጣል፣ አንድ ያደርጋቸዋል። በአራት ደቂቃ ያልቃል። ያንቺ ኮድ ስድስት ሰዓት ነው የሚንፏቀቀው።

አስካለ፦ የእኔ ውስጥ ድረስ ስለሚገባ ነው። ያንተ በሩ ላይ ያለውን ስም አንብቦ ይመለሳል።

ናሁሠናይ፦ ይሄን ነው እንግዲህ የማታ ትምህርት ቤት ያስተማሩሽ?

አስካለ፦ ፋይሉ ውስጥ ክፍል አለ፣ ክፍሉ ውስጥም ሌላ ክፍል። «ማስጠንቀቂያ» የሚል ክፍል በሁለቱም ፋይል ቢገኝ ያንተ ኮድ ምን ያደርጋል?

ናሁሠናይ፦ አዲሱን ይወስዳል። አዲስ እያለ አሮጌው ምን ይሠራል?

አስካለ፦ አሮጌው «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» ይላል። አዲሱ «ደም ግፊት አለባቸው» ይላል። አዲሱን ብቻ ስትወስድ ፔኒሲሊኑ ከነክፍሉ ጠፋ።

ናሁሠናይ፦ እንዲህ ያለ ታካሚ ስንት ይኖራል? ሁለት? ሦስት?

አስካለ፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ዝርዝሩን ትናንት በወረቀት ሰጥቼህ ነበር።

ናሁሠናይ፦ አዎ፣ የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩበት። ስሚኝ፣ ለሥራ አስኪያጁ «አልቋል» ብያለሁ። አንዲት የካርድ ክፍል ሴትዮ ስለፈራች ነገ እንግዶች ፊት ባዶ እጄን ልቁም?

አስካለ፦ ዛሬ ጠዋት ለሙከራ ብለህ ሃምሳ ፋይል እውነተኛው ሲስተም ላይ አዋህደሃል።

ናሁሠናይ፦ ሠርቷል። ስህተት የሚል አንድ ቃል አልወጣም።

አስካለ፦ ማሽኑ ምን ቸገረው። አቶ ሽብሩ የሚባሉ አናጢ በሳንባ ምች አምስት ሰዓት ላይ መጡ። ሐኪሙ ስክሪኑን አየ፣ ማስጠንቀቂያው ደም ግፊት ብቻ ነው። ፔኒሲሊን አዘዘላቸው።

ናሁሠናይ፦ ከዚያስ?

አስካለ፦ ነርሷ መድኃኒቱን በመርፌ ስባ ነበር። ለምሳ ስወርድ ስማቸው ሲጠራ ሰማሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲገቡ ካርዳቸው ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» የሚለውን ቀይ ማኅተም የመታሁት እኔ ነኝ። ሮጬ እጇን ያዝኩት።

ናሁሠናይ፦ አልተወጉም?

አስካለ፦ አልተወጉም።

ናሁሠናይ፦ እንግዲያው ምንም አልተፈጠረም።

አስካለ፦ ሰውየው ክንዳቸውን እንደገለጡ «እኔ እኮ ተመዝግቧል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉኝ።

ናሁሠናይ፦ ሐኪሙ መጠየቅ ነበረበት።

አስካለ፦ እሱን ለሕክምና ኃላፊዋ ንገራቸው። ነርሷ ነግራቸው ወደዚህ እየመጡ ነው።

ናሁሠናይ፦ አንቺስ ምን አልሻቸው?

አስካለ፦ ምንም። ሳይደርሱ ራስህ እንድታቆመው ብዬ ነው የቀደምኳቸው።

ናሁሠናይ፦ ያንቺ ኮድ፣ ሁለቱ ፋይሎች ባይስማሙ ምን ያደርጋል?

አስካለ፦ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም ያስቀምጣል። የሚቃረኑ ከሆነ አይገምትም፣ ቆሞ ሰው ይጠይቃል።

ናሁሠናይ፦ የጠዋቶቹን ሃምሳ ፋይሎችስ መመለስ ይቻላል?

አስካለ፦ ከዚህ በላይ ካልነካካሃቸው ይቻላል። ተነሣና ወንበሩን ልቀቅልኝ።