ጭሱ የወጣለት ከሰል

የታኅሣሥ ብርድ በበረታበት ጠዋት፣ ነጠላዬን ጆሮዬ ድረስ ተከናንቤ ከመካኒሳ አቦ ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ፣ በሩ ላይ አቶ ሁንዴሳን አገኘኋቸው። አቶ ሁንዴሳ የላፍቶ ነባር ገበሬ ናቸው። እርሻው ቤት ተሠርቶበት ቢያልቅም ላሞቻቸውን አልሸጡም፤ የሰፈሩ ሰውም ያለ እሳቸው አይታረቅም። እሳቸው በአገር ሽማግሌነት፣ እኔ በወላጅ ኮሚቴነት፣ የተማሪዎቹን የሳይንስ ሥራ እንድንዳኝ ተጠርተናል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፤ ያየሁትን ግን ማንም አያስክደኝም።

ብብታቸው ሥር እቅፍ ዳማከሴ ይዘዋል።

«ለማን ነው አቶ ሁንዴሳ?»

«ለሶሬቲ፣ ለልጄ። አራስ አይደለች? ምች መቷት ራሷን ይዛ ስትቃትት አደረች። ነፋስ እንዳይገባባት ትናንት መስኮቱን በጨርቅ ወትፌ ከሰል አስገባሁላት፤ ዛሬ ጠዋትም ጨምሬላት መጣሁ። እናቷንም ራሷን ያማታል። እኔንም ሲፈልጠኝ ነበር፤ ደጅ ስወጣ ተወኝ። ወርቄ፣ ቶሎ ዳኝተን ልመለስ።»

«እግዜር ይማርልዎ» አልኳቸውና ገባን።

አዳራሹን ዞርን። ከጄሪካን የተሠራ የውኃ መሳቢያ አየን፣ ከካርቶን የተሠራ ድልድይ አየን። መጨረሻ ላይ መምህር ወጋየሁ መስኮት አጠገብ ወዳለ ጠረጴዛ ወሰዱን። ፌኔት የምትባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ፍም የሞላ የከሰል ምድጃና ሽቦ የበዛበት ትንሽ ሳጥን ይዛ ቆማለች።

«ይህ የከሰል መርዝ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ነው» አለችና በከሰሉና በሳጥኑ ላይ የመስታወት ክዳን ደፋች። ሳጥኑ ወዲያው ጮኸ።

አቶ ሁንዴሳ ሳቁ። «ይቺስ ጎረቤቴን መሰለች፤ ሳይነኳት ትጮኻለች! ልጄ፣ ይህ ከሰል እኮ ቀልቷል። ጭሱ ወጥቶለታል። የሚገድለው ጥቁሩ ነው።»

እኔም የማውቀው እንደሳቸው ነው። «ጭሱ ይውጣለት» ብሎ ደጅ አቀጣጥሎ፣ ሲቀላ ቤት የማያስገባ በሰፈራችን የለም።

«ይቅርታ አባባ፣ ጭሱማ ደግ ነው» አለች ፌኔት። «ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ውጡ ይላል። የሚገድለው ጭሱ ካለቀም በኋላ የሚወጣው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የአየሩን ቦታ ይይዛል። ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል።»

«እናቴ እኛን ሁሉ በእሳት ሙቀት አይደለም ያሳደገችን? ማናችን ሞትን?»

«ያኔ ቤታችሁ ምን ነበር አባባ?»

«የሣር ክዳን ነዋ።»

«ሣሩ ያስተነፍሳችሁ ነበር። አሁንስ?»

«አሁንማ ብሎኬት ነው። ኮርኒስ አለው፤ በሩም ላሜራ ነው» አሉ፣ ኮራ ብለው። «ብርድ አያስገባም።»

«አየርም አያስገባም።»

«አየር አየር አትበይኝ! አራስ ነፋስ ካገኛት ምቹ ይብስባታል።»

ልጅቷ ድምጿን አላነሳችም። «አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ምች የሚመታው አንድ ሰው ነው ወይስ ቤት ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ?»

«ምችማ አንዱን ነው። ላብ ላብ ብሎት ነፋስ ያገኘውን...»

እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ። «አቶ ሁንዴሳ፣ ሶሬቲን አሟታል። እናቷንም። እርስዎንም። ደጅ ስወጣ ተወኝ አላሉኝም?»

«መስኮቱን እኔ ነኝ የወተፍኩት» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ስልክ ደወሉ። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ተቀብያቸው እኔም ደወልኩ። ይጠራል።

መምህር ወጋየሁ ባጃጅ አስቆሙ፤ አራታችንም ተጠቅጥቀን ገባን። ፌኔት ሳጥኗን ታቅፋለች። አቶ ሁንዴሳ ዳማከሴውን ሳያውቁት ጨምቀውት ኖሮ ሽታው ባጃጁን ሞላው። መንገዱ ተቆፍሯል፤ ሾፌሩ በዞረ ቁጥር ሽማግሌው «ያ ዋቃዮ» እያሉ አምላካቸውን ይጠራሉ። እኔም ፈራሁ።

ቤታቸው ደርሰን በሩ ገና ሲከፈት ሳጥኑ ክዳን ሳይደፋበት ጮኸ። ሽማግሌው በዱላቸው መስኮቱን ከውጭ ሰባበሩት፤ ትናንት የወተፉትን ጨርቅ በመስታወት በተቆረጠ እጃቸው ጎትተው አወጡት። መምህሩ ትንፋሻቸውን ይዘው ገብተው ምድጃውን አወጡ፤ ተጋግዘን ሶሬቲንና እናቷን ጎትተን ደጅ አስተኛናቸው። እናትየው ታቃስታለች። ሶሬቲ አስታወከች። ሕፃኑ እጄ ላይ ነው። እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፍልፏል፤ አያለቅስም። ፊቱን ወደ ነፋስ አዞርኩት፣ ጀርባውን አሸሁት። ነፋስ ያገኘዋል ብሎ የተቆጣኝ የለም።

ከዚያ ሕፃኑ ጮኸ። ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ጤና ጣቢያ ወስደን ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሦስቱም ተረፉ።

ዳኝነቱን የጨረስነው በሌላ ሳምንት ነው። መምህር ወጋየሁ ለፌኔት ስንት ነጥብ እንስጥ ቢሉ፣ አቶ ሁንዴሳ ቆባቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። «እሷ እኔን ዳኝታኛለች። እኔ እሷን አልዳኝም። እናንተ ስጡ።» እኔ ሙሉውን ሰጠሁ፤ ልከራከር የሚል ይምጣ።

ምች የለም አላልኩም፤ ዳማከሴዬንም አልነቅልም። የምለው ይህን ነው፦ ከሰል ቀላም ጠቆረም ደጅ ይዋል፣ ደጅ ይደር። አራስን ጋቢ ይሞቃታል፣ በጠርሙስ የተሞላ የሞቀ ውኃ ይሞቃታል። መስኮት ጥቂት ገርበብ ይበል። ቤት ሙሉ ሰው ራሱን ካመመው መድኃኒት ፍለጋ ሳይሆን በር ከፍቶ መውጣት ነው። ቤት በሚያከራዩበት በአቶ ሁንዴሳ ግቢ እንዲህ ከተደረገ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ራሱን አስሮ የሚነሳ ተከራይ ጠፍቷል።

እሳቸውም ብርዱ በበረታ ጊዜ ዱላቸውን ይዘው ከላፍቶ እስከ ለቡ ይዞራሉ። ምች ያዘን የሚል ቤት ሲያገኙ ከበር ሳያልፉ ይጠይቃሉ፦

«ስንታችሁን ነው ያመማችሁ?»