ጎርፉ ያልጣላቸው ምሰሶዎች
በደርግ ጊዜ፣ ከሞጆ ወደ ናዝሬት በምሄድበት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን የመብራት ሠራተኛ ያዋሩት ነበር።

«አምና ጎርፍ በመጣ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ከረምን። ትናንት ጎርፉ ሲመጣ መብራቱ እንዴት ሳይጠፋ ቀረ?»

«ምሰሶዎቹን ከወንዙ ዳር አንስተን ጉብታው ላይ ተከልናቸው እማማ። እግራቸውንም በሲሚንቶ ሞላነው። አንድም አልወደቀም!»

«አንድም?»

«አንድም! እዚያው ዝናቡ ውስጥ ጨፈርን!»

«ልጄ ትናንት በኦፕራሲዮን ወለደች። ጎርፉ የመጣው ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ ሳለ ነው።»

«መብራቱስ?»

«ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም!»

«እልል ይበሉ እንጂ! ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት! አሁኑኑ ሆስፒታል አብረን ወርደን ታያታለህ።»

«ሥራ አለብኝ እኮ እማማ።»

«ሥራህን ነዋ የምታየው!»

የእኔ መውረጃ ከሆስፒታሉ በፊት ነበር፤ ስንደርስ ግን «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።